ለማሸት ብቻ

ከግድግዳ ወዲያ ስለ ራሱ ሲወራ የሰማ ሰው ወይ ጉሮሮውን ጠርጎ መኖሩን ያሳውቃል፣ ወይ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ ዘወር ይላል። ሽቶዬ ሁለቱንም አላደረገችም። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ እጇ ማንኪያ በሌላው ጠርሙስ እንደያዘች፣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆመች። ማጠቢያ ክፍሉንና ማድ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ተባለ እንጂ ወዲያ ማዶ ስኳር ሲማሰል እንኳ ወዲህ ይሰማል። ማዶ ሦስት ሰዎች የጠዋት ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ታላቅ ወንድሟ ወንድም ጋሼ፣ ሚስቱ እትዬ፣ እና የቤቱን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት አክስታቸው። «የማተሚያ ቤቱ ወረቀት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ የጓሮዋን ክፍል ቁልፍ ይስጡኝና ከምሳ በኋላ ላስለቅቃት» አለ ወንድም ጋሼ። «እሷስ?» አለች እትዬ፣ ለወጉ ያህል። «እሷ ምን አላት? አንድ ድስትና አንድ ቱቦ ነው፤ ደረጃ ሥር ይገባል።» አክስት ሻያቸውን ረዘም አድርገው ፉት አሉና «ሲመጣ ታየዋለች» ብለው ነገሩን ዘጉት። ወዲያው ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

ሰፈሩ ሽቶዬ የሚላት ከልብሷ የዝንጅብል ሽታ ስለማይለቅ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው ይርበዋል። ያንገበገባት ታዲያ ክፍሉን መነጠቋ ብቻ አልነበረም። «አንድ ድስትና አንድ ቱቦ» መባሉ ነው። እውነት ነው ድስት ነው፤ እውነት ነው ቱቦ ነው። ግን ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ድስት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ከውሃው በላይ ወንፊት አለ፣ ወንፊቱ ላይ የተከካ ደረቅ ዝንጅብል ተቀምጦ በእንፋሎት ይታጠናል። እንፋሎቱ በመዳብ ቱቦው ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ በሚፈስበት በርሜል ውስጥ ተጠምጥሞ ያልፋል፤ ከዚያ ከጫፉ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የሚንጠባጠበው አብዛኛው ውሃ ነው። ላዩ ላይ ግን ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ቀጭን፣ የሎሚ ልጣጭም ትኩስ ቅመምም የሚሸት ዘይት ይንሳፈፋል። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል አንድ የሾርባ ማንኪያ ከተገኘ እሰየው ነው። ሁለት ጠብታ መሐረብ ላይ ጣል አድርጎ ወደ አፍንጫ ጠጋ ማድረግ፣ በረጅሙ መሳብ፤ መኪና ለሚያጥወለውለው ሰው እፎይ ያሰኛል። ይህ ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃና ውሃው የሚወርድበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በግቢው ውስጥ ቧንቧም ማፍሰሻም ያለው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ደረጃ ሥር ያለው ሸረሪት ነው። ክፍሉ ከሄደ ሥራው ሄደ፤ ሥራው ከሄደ ደግሞ፣ ከሳሙና ፋብሪካ ከተቀነሰች ወዲህ ጠዋት ተነስታ ፊቷን እያፏጨች እንድትታጠብ የሚያደርጋት ነገር ሁሉ አብሮ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማድ ቤት ገብቶ ጠረጴዛ ይደበድባል። በእነሱ ቤት ግን ጠረጴዛ ተደብድቦ አያውቅም። ሽቶዬ ገባች፣ «እንደምን አደራችሁ» አለች፣ ብርጭቆ ቀረበላት። አክስት ስለ ዝናብ አወሩ። እትዬ ስለ ስኳር መወደድ አወራች። ወንድም ጋሼ ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። አንድም ሰው ስለ ዘጠኝ ሰዓት ትንፍሽ አላለም፣ እሷም «ሰምቻለሁ» አላለችም፤ አራት ሰዎች አንድ የሚያውቁትን ነገር መሀል ላይ አስቀምጠው በዳር በዳሩ ሻይ ጠጡ። ሽቶዬ ግን በሆዷ አንድ ነገር ይዛ ነበር። ትናንት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጠርሙሶች ለኮስሞቲክ ሱቅ በሙከራ ሰጥታለች። አንዲቱ ጠርሙስ ጣት ታህላለች፤ ዋጋዋ የሁለት ሰው ምሳ ነው። ሁለት እንኳ ተሽጠው ከሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አክስት ፊት ቆማ የምትለው ነገር አላት፤ ድስትና ቱቦ ብቻ አይደለም ልትል። ብርጭቆዋን አጥባ ሰቀለችና ወጣች።

ባለሱቋ ከሩቅ አይታት መጋረጃውን ገልጣ ጠበቀቻት። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ቅንድቧን በእርሳስ የምትስል ሴት ናት። «የኔ ቆንጆ፣ የት ጠፋሽ፣ አራቱ ሄደዋል» አለቻት። ሽቶዬ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። አራት፣ በአንድ ቀን። የቀሩትን ሁለቱን ለራሷ እንደምታስቀርና በየወሩ ሠላሳ እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሽቶዬ የጥፍር ቀለም የተደረደረበትን መደርደሪያ ተደግፋ ቆመች። በሐሳቧ አክስት ፊት ቀርባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በየወሩ ሠላሳ» ስትል ራሷን አየች፤ ወንድም ጋሼም በዚያው ሐሳብ ውስጥ ጣሪያውን ያያል። «እንዴት አድርገሽ ሸጥሽው?» አለቻት። «ምን ችግር አለው፣ እኔ እንደሆንኩ ጽሑፉን ማንበብ ነው፤ ለወገብ ነው፣ ለጉልበት ነው፣ አንጀት ድረስ ገብቶ ይፈታል እላቸዋለሁ። ራሱ ጠርሙሱ ለማሸት ብቻ ይላል አይደል?»

ሽቶዬ ሳቋን ፊቷ ላይ እንደያዘች ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዷን አነሳች። የዝንጅብል ዘይት። ለማሸት ብቻ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ለማሸት ብቻ። በገዛ እጇ ጽፋ ለወንድም ጋሼ የሰጠችው ለማሽተት ብቻ የሚል ነበር፤ ከሥሩም ሳይበረዝ ቆዳ እንዳይነካ የሚል ሌላ መስመር ነበረው። ወንድም ጋሼ ማተሚያ ቤት አለው፤ መለያውን በነፃ ነው ያተመላት፣ ይህንንም ስምንት ጊዜ አስታውሷታል። ወረቀቷ ጠባብ ስለሆነች ሁለተኛው መስመር እንደማይገባ ነግሯት ነበር፤ እሷም አንዱ ይበቃል ብላ ነበር። ስድስቱንም በምላሷ ጫፍ እያረጠበች የለጠፈቻቸው ራሷ ናት፤ ስትለጥፍ ያነበበችው ግን የጻፈችውን እንጂ የታተመውን አልነበረም። ይኸውና አሁን ከተማው ውስጥ አራት ሰዎች በመሐረብ ላይ ሁለት ጠብታ የሚበቃውን ዘይት እፍኝ ሙሉ ገላቸው ላይ ሊያፈሱ ነው። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እየጮኸ በራቸውን ካንኳኳ ሠላሳው ጠርሙስ ቀርቶ ድስቱም ደረጃ ሥር ቦታ አያገኝም። ክው ብላ ቀረች። ቀጥሎ ሳቅ መጣባት፤ የማይሆን፣ ቤተ ዘመድ ፊት የሚያዋርድ ዓይነት ሳቅ። ባለሱቋ ምኑን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

ነገሩ ሲገባት ባለሱቋም ቅንድቧ ተሰቀለ። ሦስቱን ደንበኞች ታውቃቸዋለች፤ አንዱ ከፊት ለፊቱ ተራ የሚሠራ ባለታክሲ፣ አንዱ የሴቶች መረብ ኳስ አሠልጣኝ፣ አንዷ ከጀርባ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት። አራተኛውን አታውቀውም። «ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ማታ መጋረጃ ስዘጋ ነው የመጣው። መታሻ ነው አይደል ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ፤ ዋጋውን ሳይከራከር በጋዜጣ አስጠቅልሎ ወጣ። አንድ እጁ ወገቡ ላይ ነበር።» ወገቡን ይዞ የሚሄድ ወንድ ፈልጎ ለማግኘት ከተማውን ሁሉ ማሰለፍ ያስፈልጋል። ሽቶዬ ከባለሱቋ እስክሪብቶ ተዋሰች፤ ቦርሳዋን በትከሻዋ አጋድማ እግሬ አውጪኝ አለች።

ባለታክሲው ከመኪናው ጎን ቆሞ መስታወት ይወለውላል። ሽቶዬ እያለከለከች ስለ ጠርሙሱ ስትጠይቀው ግር እንኳ አላለውም፤ በሩን ከፍቶ አሳያት። ጠርሙሷ ከመስታወቱ ሥር በክር ተንጠልጥላለች፤ አፏ በጥጥ ተወትፏል፤ መኪናው በሙሉ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ያመላልሳል። ከተማሪዎቹ አንዷ ሁልጊዜ አንዲት ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ ቁርሷን መቀመጫው ላይ ትመልስለታለች፤ ዛሬ ግን ጠመዝማዛዋን አልፋ፣ ጭራሽ እየዘፈነች ወረደች። «ጽሑፉን አላየኸውም?» አለችው። «ማን ያነባል እህቴ፣ ሸተተኝ ገዛሁት።» ሽቶዬ አንገቱን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራትም። በዚህ ዓለም ላይ የማያነብ ሰው እንዲህ ያስደስታል ብላ አስባ አታውቅም። ጠርሙሷን መልስልኝ ስትለው ግን መኪናውን ሸጦ ጠርሙሷን እንደሚያስቀር ነገራት፤ እሷም መለያው ላይ በእስክሪብቶ አስተካክላ ተወችለት። የቀረውን ታሪክ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ፎጣውን ወረወረ፣ «ግቢ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በእግርሽ አትጨርሺውም» አላት።

የመረብ ኳስ ሜዳው ዳር ሲደርሱ አሥራ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ሰውዬን ከብበው ቆመዋል። ሰውዬው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን እስከ ጉልበቱ ባልዲ ውስጥ ነክሯል፤ ፊቱ ላይ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቋል። ሽቶዬ ልጆቹን ገፍታ ገባችና ሰላምታም ሳትሰጥ «ልጆቹን ቀብተሃቸዋል?» አለች። «ኧረ ልጆቹን ሳልቀባ በራሴ ልሞክረው ብዬ ነው» አለ አሠልጣኙ፤ «ጉልበቴን ብቻ። ጥሩ ነው፣ ይሞቃል፣ ግን መሞቁን አያቆምም።» ሽቶዬ ባልዲውን ወዲያ ገፋችው። ከሜዳው አጥር ጥግ ድንች የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ገና እሳት ካልነካው ዘይቷ አንድ ጭልፋ አስቀዳቻትና ጉልበቱ ላይ አፈሰሰችው፣ በጨርቅ ጠረገችው፣ ደግማ አፈሰሰች፣ ደግማ ጠረገች። ውሃ ሲሸሸው የነበረው ነገር በምግብ ዘይቱ እየላላ ተነሳ። አሠልጣኙ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመረ። ሦስት ጠብታ በአንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ ቢገባ ኖሮ እንደማያቃጥል፣ ልክ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ለማሸትም እንደሚሆን አስረዳችው። እሱ ግን ተነስቶ ጉልበቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። «ስድስት ዓመት ያመመኝ ጉልበት ነው፤ ዛሬ ደንግጦ ሕመሙን ረሳው። የተበረዘውን ስትሠሪ አሥር ጠርሙስ ለቡድኑ» አለ። ልጃገረዶቹ የዝንጅብል ቡድን እያሉ በሳቅ ፈረሱ፤ ድንች ጠባሿ ጭልፋዋን ይዛ ከእነሱ ጋር ሳቀች። ሽቶዬ አሥር ጠርሙስ የሚለውን በሐሳቧ ከሠላሳው ጋር ደመረችና በደስታ ጮቤ ረግጣ ወደ ታክሲው ሮጠች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

መምህርቷ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። በሩን ከፍተው ሽቶዬን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸው በሰንሰለት የታሰረ ሴት ናቸው። ጠርሙሷ ጠረጴዛው ላይ፣ በመዝገበ ቃላትና በአንድ ሳህን ብስኩት መሀል ቆማለች። መለያዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበት ከጎኑ ማሽተት ተብሎ ተጽፏል፤ ከዚያም ሥር ከአሥር አምስት። «ቁጭ በይ» አሉ መምህርቷ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» «ወንድሜ ነው ያተመው።» «የት ነው የተማረው?» «ማተሚያ ቤት አለው።» መምህርቷ እንደታመመ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አስረዷት። ዘይቱን አይተው አይደለም የደረሱበት፣ ሽታውንም አሽትተው አይደለም፤ ብቻ የምትለዋ ቃል ናት የነገረቻቸው። «መታሻ ከሆነ ለማሸት ብቻ ማለት ምን ያደርጋል? መታሻን ማን ይጠጣዋል? ለማሽተት ብቻ ከሆነ ግን አትቀቡት ማለት ነው፤ ብቻ ሥራ አገኘች። በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራ የሌላት ቃል ካየሽ ጎረቤቷን ጠርጥሪ።» ሽቶዬ እኚህን ሴት ጫማቸውን ብትስም በወደደች፤ ሰዓቷን ግን በጠረጴዛው ሥር ታያለች። ለመነሳት ስትሞክር መምህርቷ ስለ ሸ እና ሽ ልዩነት ጀመሩ። ስለዚህ ነገር ለማንም ሳይናገሩ አሥራ አንድ ዓመት ጡረታ ወጥተው ተቀምጠዋልና አንድ ጊዜ ከጀመሩ የሚያቆማቸው አልነበረም፤ ሽቶዬ ሁለት ብስኩት በልታ፣ ሦስት ጊዜ «እውነትዎን ነው» ብላ፣ የሚቀጥለውን መለያ ከመታተሙ በፊት እንዲያርሙት ቃል ገብታላቸው ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ አርባ አንድ ዓመቷ መሆኑን ረስታው ነበር።

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ታክሲው ከግቢያቸው በር ላይ ሲቆም ወረቀት የጫነው መኪና ቀድሞ ደርሷል። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሁለት ሸክም አውራጆች ጥላ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሽቶዬ በመንገዱ ላይ የምትለውን ሁሉ አሰናድታ ነበር፤ ሠላሳ በወር፣ አሥር ለቡድኑ፣ አራሚዋ መምህርት። ግቢው ውስጥ ግን የሚሰማት ሰው አልነበረም። እትዬ ፎጣ ይዛ ከማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ትንጎራደዳለች፤ አክስት አንገታቸው ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎ፣ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈዋል። ከውስጥ ውሃ ይፈስሳል፣ በውሃው መሀል ደግሞ የትልቅ ሰው ጩኸት ይሰማል። «ክፍሉን ላጽዳ ብሎ ገባና ከውስጥ ቆለፈ» አሉ አክስት። «ትንሽ ቆየና እሳት ነካኝ ይላል፤ ጭስ ግን የለም» አለች እትዬ። ሽቶዬ ወደ በሩ ስትጠጋ አፍንጫዋ ቀድሟት ገባ። የራሷ ዝንጅብል ነው፤ ሳይበረዝ፣ ሲበዛ። እትዬ ቆጣ ብላ «ወገብህን ልሽልህ ስለው እንኳ እሺ አይልም፣ ምን ነካው» ስትል ባርኔጣው፣ ጋዜጣው፣ ወገቡ ላይ ያረፈው እጅ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በላው፤ የምታውቀው ኩሩ ወንድሟ የእህቱን ዘይት ከሱቅ ተደብቆ ሊገዛ ባርኔጣ ደፍቶ ሲሄድ ታያት።

«ወንድም ጋሼ፣ ክፈት» አለች።

«ሂጂ።»

«ዘይቱን ተቀብተሃል። ስንት ጠብታ?»

«ግማሹን» አለ፤ ቀጥሎም፣ «በሱፍ ሻርፕ ጠቅልዬዋለሁ።»

«ውሃ አያነሳውም። ዘይት የሚነሳው በዘይት ነው። ክፈትልኝ፣ እኔ ብቻ ነኝ የምገባው።»

ከማድ ቤት የምግብ ዘይቱን ጠርሙስ ይዛ ስትመለስ ቁልፉ ተንቀጫቀጨ። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ወንድም ጋሼ ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ተደግፎ፣ ቧንቧው ሥር አጎንብሶ ቆሟል። ባርኔጣው አሁንም ራሱ ላይ ነው። ጀርባው ቲማቲም መስሏል። ሽቶዬ ውሃውን ዘጋች፣ ሻርፑን ወዲያ ጣለች፣ የምግብ ዘይቱን ከትከሻው ጀምራ አፈሰሰችበትና በጥጥ ጨርቅ ቀስ እያለች መጥረግ ጀመረች። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን ሰው ነክታው አታውቅም። የጀርባው አጥንት ከምታስታውሰው በላይ ወጥቷል። «ጠርሙሱ ለማሸት ይላል» አለ ወደ ገንዳው። «ማን ጻፈው?» አለችው። ከዚያ ወደዚያው ገንዳ ውስጥ ተናዘዘ። ቦታው ጠቦት ፊደል ሲያስጠጋ ተ ጠፍታበታለች፤ የቀረውን ሲያነበው ለማሽት ይላል፤ እንዲህ ያለ ቃል የለም ብሎ አረመው። «ትክክል መስሎኝ ኮራሁ እኮ» አለ። ሽቶዬ ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳርፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም መሳቅ ሲጀምር አቃጠለው፣ ሲያቃጥለው አቃሰተ፣ ሲያቃስት ይበልጥ ሳቀ፤ አክስት ከውጭ «ሞተ እንዴ?» ሲሉ ተሰሙ።

ሳቁ ሲበርድ ሽቶዬ ጨርቁን እንደገና በዘይት አራሰች። «ለምን እኔን አልጠየቅከኝም?» አለችው። «ክፍልሽን ልነጥቅሽ እያሰብኩ ዘይትሽን ስጪኝ ልበልሽ?» አለ። ሁለት ዓመቱ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ወዳለው መጋዘን ወረቀት ሲያወጣ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ብሎበት፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ጥቅል ባነሳ ቁጥር ዓይኑ ይጨልማል። ምድር ላይ መጋዘን ካላገኘ ማተሚያ ቤቱን መዝጋቱ ነው፤ ለሚስቱም ለአክስቱም አልተናገረም። «ለምን አትናገርም?» «አንቺስ? ጠዋት ሰምተሽናል። የማንኪያሽ ድምፅ ሲያቆም ሰማሁ።» ሽቶዬ ጨርቁን ገለበጠችና ወገቡ ጋ ደረሰች፤ ልጅ ሳሉ ትከሻው ላይ አስቀምጧት ሜዳ ለሜዳ የሚሮጠው በዚሁ ወገብ ነበር።

«ስማኝ» አለችው። «እዚህ እርጥበት ነው፤ ወረቀትህ በሳምንት ይሻግታል። እኔ የምተኛበት ክፍል ምድር ላይ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መኪናውም በሩ ድረስ ይጠጋል። ወረቀቱ እዚያ ይግባ። እኔ ላይኛው መጋዘን ገብቼ እተኛለሁ፤ ዛሬ ስንት ደረጃ ሮጬ እንደወጣሁ ብታይ ደረጃ አያሳስብህም ነበር። ይህን ክፍል ግን አትንካብኝ። ድስቱ ሥራዬ ነው፣ ቱቦውም ሥራዬ ነው። ሌላ የለኝም።» ይህን ያህል ቃል ለወንድሟ በአንድ ጊዜ ተናግራ አታውቅም። ከውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ። ወንድም ጋሼ ገንዳው ላይ እንዳጎነበሰ ረጅም ትንፋሽ ሳበ።

«እሺ» አለ።

የሽቶዬ እጅ ቆመ። ለአንድ ፊደል ስትል ከተማ ስታካልል የዋለች ሴት እንዲህ ያለውን ቃል እንደዋዛ አታልፍም።

«የትኛው እሺ ነው?» አለችው። «ተስማምቻለሁ ነው፣ ወይስ ጀርባዬን ነው?»

ወንድም ጋሼ ቀና አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ራሱ ላይ እንደነበረ ገና ያኔ ትዝ ያለው ይመስላል። አክስት፣ እትዬ፣ የመኪናው ሾፌርና አውራጆቹ ሁሉ ከበሩ ወዲያ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ተናገረ።

«ክፍሉ ያንቺ ነው።»

ከዚያ ወደ ገንዳው ተመልሶ አጎነበሰና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አሁን እሺኝ» አላት።